ጋሽ ጥዑመልሳን ብቻቸውን አልፈረሙም

ለንስር የበረራ ማኅበር ሥራ አመራር ቦርድ
ለክቡር ሰብሳቢው ለአቶ ኖላዊ
አዲሰን፣ ቴክሳስ

ቀን፦ ኤፕሪል 9፣ 2025

ጉዳዩ፦ ስለ አውሮፕላናችን የዓመት ምርመራ ለአደጋ መርማሪዎች ሊሰጥ የተዘጋጀው ደብዳቤ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

እኔ አመልካች አሻግሬ ወልደየስ የማኅበሩ መሥራች አባል ነኝ። ጃንዋሪ 4 ቀን የማኅበሩን አውሮፕላን ሲያበርር የሞተው የኤልያብም አባት ነኝ። በሐዘኔ ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ስላጽናናችሁኝ፣ ምግቡንም ውሃውንም ስላመላለሳችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ የምጽፈው ግን ለምስጋና አይደለም። ባለፈው ሐሙስ ለአባላት በቴሌግራም የላካችሁትንና የፊታችን ሰኞ፣ ኤፕሪል 14፣ ለመርማሪዎቹ የምትሰጡትን ደብዳቤ አንብቤ ነው። «መካኒኩ አቶ ጥዑመልሳን ምርመራውን የፈረሙት በራሳቸው ውሳኔ ነው፤ ከማኅበሩ በኩል የደረሰባቸው ምንም ዓይነት ግፊት የለም» ይላል። በአክብሮት ነው የምናገረው፣ ነገር ግን ውሸት ነው። እርስዎም ውሸት መሆኑን ያውቃሉ።

1. መካኒክ ስለመረጥንበት ሁኔታ። በሕጉ መሠረት እንደኛ ያለች ትንሽ አውሮፕላን በዓመት አንድ ጊዜ ሞተሯም አካሏም ተከፍቶ፣ ፈቃድ ባለው መካኒክ ተመርምራ፣ መዝገቧ ላይ ካልተፈረመላት አትነሳም። ሦስት ዓመት ይህን የሠራልን አንድ ፈረንጅ ነበር። ሰላምታው አጭር፣ ዝርዝሩ ረጅም። ባለፈው ዓመት ሃያ ሦስት ጉድለት ጽፎ «ይህ ሳይጠገን አልፈርምም» ብሎ ሁለት ወር መሬት ላይ አስቀመጠን። በኦክቶበሩ ሚቲንግ ላይ ተነስቼ «ይህ ሰውዬ ወረቀት እንጂ ሰው አያውቅም። የራሳችን ሰው እያለ ምን አስለመነን?» ያልኩት እኔ ነኝ። አጨበጨባችሁልኝ። ጋሽ ጥዑመልሳን በሙያቸው ከማንም እንደማያንሱ፣ አገር ቤትም እዚህም አርባ ዓመት አውሮፕላን ሲፈቱና ሲገጥሙ እንደኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። የመረጥናቸው ግን ለዚያ አልነበረም። እምቢ አይሉንም ብለን ነው። መካኒክ የሚመረጠው እምቢ ማለት ስለሚችል መሆኑን የተረዳሁት ልጄን ከቀበርኩ በኋላ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጽፏል፤ ትክክል ነው፣ አንድም ሰው አልተቃወመም።

2. ስለተገኘው ብልሽት። ዲሴምበር 26 ቀን ጋሽ ጥዑመልሳን ኮል አድርገውኝ ሀንጋር ሄድኩ። የሞተሩን ክዳን አንስተው በባትሪና በትንሽ መስታወት ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ አሳዩኝ። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነበረው። የአብራሪው ክፍል ማሞቂያ ሙቀቱን የሚወስደው ከማርሚታው ዙሪያ ስለሆነ፣ ከተሰነጠቀ የተቃጠለው ጋዝ ከሙቀቱ ጋር ይገባል አሉኝ። «ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ፓርቱን ኦርደር አድርጌያለሁ፤ ሦስት ሳምንት ነው። እስከዚያ አትነሳም፣ አልፈርምም።» ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚናገር ሰው የለም።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ተቀየምን! የራሳችን ሰው ብለን መርጠናቸው ከፈረንጁ ብሰው ተገኙ አልን። የእኔ ቅያሜ ከሁላችሁም የከፋ ነበር። ኤልያብ እህቱን ሶልያናን ለገና በአውሮፕላን ከሉቦክ ሊያመጣት ቀጠሮ ነበራቸው፤ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እኔም ለዘመድ ለወዳጁ፣ ኤርፖርት አብረውኝ ዕቃ ለሚጭኑት ሁሉ «ልጄ ራሱ አብርሮ እህቱን ያመጣታል፣ ኑና እዩ» ብዬ ነግሬ ጨርሻለሁ። ፓርቱ እንዳልደረሰ ስነግረው ልጁ ቅርም አላለው። «ኦኬ አባ፣ ኖ ፕሮብለም፣ ሶ በመኪና አመጣታለሁ» ነው ያለኝ። ልጄ በመኪና ሊሄድ ተስማምቶ ነበር፣ ክቡር ሰብሳቢ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ የተማርከው በመኪና ልትሄድ ነው? ለጋሽ ጥዑመልሳን እኔ እነግራቸዋለሁ» ብዬ አፉን ያዘጋሁት እኔ ነኝ።

3. ስለ ሽምግልናው። ዲሴምበር 29፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሦስት ሽማግሌ ሆነን ቤድፎርድ ወደሚገኘው ቤታቸው ሄድን። አንዱ እኔ ነኝ፣ ሁለተኛው አቶ ሙሉዓለም ናቸው፣ ሦስተኛው እርስዎ ነዎት። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለማርያም ገበታ አቅርበው «ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲሉን «እሺ ካላሉን አንቀመጥም፣ አንቀምስም» ብለን በር ላይ ቆምን። ጋሽ ጥዑመልሳን ጉዳያችንን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። «ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ሰው ነው። እኔ ከማን ተጣላሁ? ማርሚታውን ከማን ልታስታርቁት ነው?» አሉን። እርስዎ «ጋሼ፣ እኛን በር ላይ አቁመው ከሚመልሱን ሌላ መካኒክ ብንፈልግ ይሻላል፤ ግን አገር ምን ይላል?» አሏቸው። አቶ ሙሉዓለም ደግሞ «አንድ በረራ ብቻ ነው፣ ፓርቱ ሲመጣ ይቀየራል» አሉ። ሁለት ጊዜ እምቢ አሉን። አርባ ደቂቃ ያህል ቆመናል፤ ወጡም ቀዘቀዘ። በመጨረሻ መዝገቡን አምጥተው ያንኑ ገበታ ጠርዝ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ከዚያ ወጡ ተሞቀ፣ ተቀመጥን፣ በላን። እኔ ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ።

ጃንዋሪ 2 ቀን በነበረን ሚቲንግ «በሽማግሌዎች ጥረት የምርመራው ጉዳይ በስምምነት ተፈትቷል» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል። ያ ገጽ ዛሬ የቃለ ጉባኤው መዝገብ ውስጥ የለም። ማን እንዳወጣው አልጠይቅም። በስልኬ ፎቶ አንስቼው ስለነበር ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዤዋለሁ።

4. ስለ አደጋው። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተነሳ፣ ብቻውን። ብርዱ እንደምታስታውሱት ነው፤ ከፍ ሲል ደግሞ ይብሳል። ከአቢሊን በስተሰሜን አንድ ጥጥ የተለቀመበት ማሳ ላይ ወደቀ። ሐኪሞቹ ደሙ ውስጥ ያገኙት ያንኑ ጋዝ ነው፤ አገር ቤት ሰው ከሰል አስገብቶ፣ በር ዘግቶ ተኝቶ የሚቀርበት ዓይነት። «አልፈራም፣ አልተሰቃየም፣ እንቅልፍ ነው የወሰደው» ብለው አጽናኑኝ። ሶልያና ሉቦክ አየር ሜዳ ሻንጣዋን ይዛ አራት ሰዓት ሙሉ ጠብቃለች። «ዌር አር ዩ» እያለች የላከችለት ሃያ ምናምን ቴክስት ፖሊሶቹ በመለሱልኝ ስልኩ ላይ አለ።

5. ስለ ጋሽ ጥዑመልሳን። ለቅሶ ቤት ሦስቱንም ቀን መጥተዋል። ጫማ የሚወልቅበት በር አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ከጎናቸው የነበረው ወንበር ሁሉ አንድ በአንድ ሲሸሽ አይቻለሁ። ፈቃዳቸው ታግዷል፣ ከሥራም ወጥተዋል፣ በወንጀል ሊከሰሱም እንደሚችሉ ጠበቃ ነግሯቸዋል። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው! መርማሪው «እንዲፈርሙ የተጫነዎት ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ማንም የለም፣ እጄ የራሴ ነው» ብለዋል። እኛ ደግሞ እሰየው ብለን ይህንኑ በደብዳቤ ልናጸናባቸው ነው። በፈረሙበት አይጠየቁ ብዬ አልከራከርም፤ ጥፋታቸውን ከማንም በፊት ራሳቸው አምነዋል። ነገር ግን የሦስታችንን ጥፋት የሚሸከሙበት ምንም ምክንያት የለም።

እርስዎ ፕሌኖ ያለው ቤቴ ድረስ መጥተው «አሻግሬ፣ የሞተውስ ሞተ፤ ማኅበሩን አብረን አንቅበረው። ይህ ነገር ቢወጣ ኢንሹራንሱም ይበላሻል፣ ቤተሰብህም ይበተናል፤ ለሶልያና ስትል ዝም በል» ብለውኛል። ሦስት ወር ዝም ብያለሁ። ሆዴ እያወቀ ዝም ብያለሁ።

6. ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፣ ለመርማሪዎቹ የተዘጋጀው ደብዳቤ ሳይሰጥ እንዲቀር፤ በምትኩ ሦስታችን በስም ተጠቅሰን፣ የተሰነጠቀ ማርሚታ መኖሩ ተነግሮን እያወቅን ጋሽ ጥዑመልሳንን እንዲፈርሙ መለመናችን እንዲጻፍ፤ የወጣው ገጽም ወደ ቃለ ጉባኤው እንዲመለስ ነው። ማኅበሩ ሌላ አውሮፕላን ለመግዛት እንዳሰበ ሰምቻለሁ። ከገዛ፣ ለሚመረምረው መካኒክ ሽማግሌ መላክ በመተዳደሪያ ደንቡ የተከለከለ ይሁን። የሚያስቅ አንቀጽ ይመስላል፤ ፈረንጆቹ ቢያነቡት አይገባቸውም። ለእናንተ ግን ይገባችኋል።

7. አንድ ነገር ቀርቷል፤ ቃለ ጉባኤው ላይም አልተጻፈም። ሁለት ጊዜ እምቢ ያሉ ሰው እንዴት እሺ እንዳሉ እርስዎና አቶ ሙሉዓለም ታውቃላችሁ፣ አጠገቤ ቆማችሁ ነበር። ለመርማሪው ግን የነገረው የለም። ጋሽ ጥዑመልሳን እግር ሥር ወደቅሁና «ኤልያብ ይሙት፣ ሳይፈርሙልኝ ከዚህ አልነሳም!» አልኩ። በወንድ ልጄ ሞት ማልኩባቸው። እሳቸው ደንግጠው «ተው አንተ ሰው! በልጅ እንዲህ አይባልም። ተነስ፣ እፈርምልሃለሁ፣ ብቻ ቃልህን አንሳ» አሉኝ። ተነሳሁ፤ ቃሌን ግን አላነሳሁም። መዝገቡ ሲመጣ ደስ አለኝና ረሳሁት።

ጋሽ ጥዑመልሳን «ማንም የለም» ያሉት ማኅበሩን ፈርተው አይመስልዎ። ማን ለመነዎት ሲባሉ ስሜን ቢጠሩ፣ ምን ብሎ ለመነዎት መባሉ አይቀርም። አንድ አባት የማለውን አውጥቶ ለመናገር አፋቸው እምቢ ብሏቸው ነው። ፈቃዳቸውን ያጡት፣ ሥራቸውን ያጡት፣ የእኔን ገመና ሸፍነው ነው። ሶልያና ደግሞ ትምህርቷን አቋርጣ እኔው ጋ ተቀምጣ፣ ከቀብሩ ጀምሮ ማታ ማታ እኚህኑ ሰው ትረግማለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ትናንት ግን ነገርኳት። ኤልያብ በመኪና ሊሄድ እንደነበረም፣ በር ላይ የማልኩትንም፣ ሁሉንም። ስጨርስ ዕቃዋን ሰብስባ አክስቷ ቤት ሄደች፤ ስደውልላትም አታነሳም። እርስዎ ያስፈራሩኝ በዚህ ነበር፤ ይኸው ደረሰብኝ። ከእንግዲህ ዝም የምልበት ነገር የለኝም። ቦርዱ ደብዳቤውን ቢያርምም ባያርምም፣ ሰኞ ጠዋት መርማሪዎቹ ፊት ቀርቤ ልጄ ይሙት ብዬ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።

ከሐዘን ሰላምታ ጋር

አሻግሬ ወልደየስ (ፊርማ)
የኤልያብና የሶልያና አባት