ቆጠራው ሳይሞላ አይሰፋም

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ እንዴት ነው? ከባድ ነገር አታንሣ ያልኩህን ሰምተሃል ወይስ እንደ ልማድህ በአንዱ ጆሮህ አስገብተህ በሌላው አፈሰስከው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የአማትህስ ጉልበት ተሻላቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደም ግፊቴንም ስኳሬንም ተለክቼ ሁሉም ልክ ነው ተብያለሁ። ንዴት የሚለካ መሣሪያ ግን ስላልተሠራ እሱን በዚህ ደብዳቤ አንተው ለካልኝ።

በስልክ መናገር አቅቶኝ አይደለም። አንተ ስልክ ላይ "እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ" እያልክ የራስህን ስለምትቀጥል ነው። ወረቀት አያቋርጠኝም።

ጡረታ ከወጣሁ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኔ ነው። የሸኙኝ ዕለት የሆስፒታሉ ሰዎች የሚወዛወዝ ወንበር ሰጡኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በነርስነት ኦፕሬሽን ክፍል ቆሜ የኖርኩትን ሴትዮ፣ በቃ ቁጭ በይና ተወዛወዢ! ዋናው ቀዶ ሐኪም ተነሥቶ "ቆጣሪያችን ከእንግዲህ ትረፍ" ብሎ ንግግር አደረገ። ቅጽል ስሜን መቼም ታውቀዋለህ፤ እንደ መብራት ቆጣሪ ግድግዳው ላይ ተሰቅዬ የኖርኩ ነው የሚመስላቸው። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ እረፊ ይለኛል። ጎረቤቴ እረፊ፣ ባለሱቁ እረፊ፣ ልጄ እረፊ። ማን ደከመኝ አለ? ወንበሩ ላይ የተተኮሰ ልብስ ደርድሬበታለሁ፤ እሱ ይረፍ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ጠዋቱ ከብዶኛል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እነሣለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ኩሽና ውስጥ እንደ ኦፕሬሽን ክፍሉ ልማዴ እጄን እስከ ክርኔ ድረስ ሦስቴ በሳሙና ፈትጌ ታጠብኩና ሁለቱንም እጆቼን ወደ ላይ ይዤ፣ ውሃው በክርኔ እየተንጠባጠበ፣ ፎጣ የሚያቀብለኝ ሰው ስጠብቅ ቆሜ ቀረሁ። ማን ሊመጣ? ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ማቀዝቀዣው ብቻ ነን። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ግን ከፋኝ። ቁርሴን በልቼ፣ ቤቱን ጠርጌ፣ አበባውን አጠጥቼ ሰዓት ሳይ ገና ሦስት ሰዓት ነው። ቀን እንዲህ ረጅም መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ልጄ የማንኪያውን ታሪክ ነግራሃለች፤ ግን ከመሃል ነው የጀመረችልህ። የእኔን ሥራ ዘንግታችሁታል። ሐኪሙ ከመቅደዱ በፊት ደም የሚጠረግበትን ጎዝ፣ መርፌውን፣ መቆንጠጫውን ሁለት ሆነን ጮክ ብለን እንቆጥራለን። ከመስፋቱ በፊት ደግሞ እንደገና እንቆጥራለን። ቁጥሩ ካልሞላ ሐኪሙ አይሰፋም፤ ንጉሥም ቢሆን አይሰፋም። አንድ ጊዜ ያው ዋናው ሐኪም ተሳስተሻል፣ ልዝጋው ብሎ ጮኸብኝ። አንድ ጎዝ ይጎድላል፣ አትዘጋም ብዬ ድርቅ አልኩ። ሰደበኝ፤ እኔ እንደሆነ ንቅንቅ አላልኩም። ፈለገ፣ ፈለገና ከሰውየው ሆድ ውስጥ ጎዙን አወጣው። እስከ ሽኝቴ ቀን ድረስ ያፍረኝ ነበር። እንዲህ የኖረ ሰው ታዲያ መቁጠርን እንደ ካፖርት አውልቆ፣ በር ላይ ሰቅሎ ይወጣል?

እሁድ ዕለት ልጄ፣ ባሏና ሁለቱ ልጆቻቸው ምሳ እኔ ዘንድ በሉ። ገበታውን ሳነሣ ማንኪያ ቆጠርኩ። ያቀረብኩት አሥራ ሁለት፣ የተመለሰው አሥራ አንድ። "ማንም እንዳይነሣ!" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። የልጄ ባል ቦርሳውን ይዞ ሊወጣ ሲል ክፈት አልኩት፤ ያ ጨዋ ሰው ከፈተልኝ። የልጆቹን ኪስ ዳበስኩ። የቆሻሻውን ባልዲ ጋዜጣ ላይ ገለበጥኩት። ማንኪያዋ የት ብትሆን ጥሩ ነው? እኔው በለበስኩት ሽርጥ ኪስ ውስጥ! አፌን በእጄ ያዝኩ። የልጄ ባል በሳቅ ፈነዳ፤ ይቅርታ ብጠይቀው እንባውን እየጠረገ ምንም አይደል አለኝ። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው እንደገና ይጥፋ ብለው ለመኑኝ። ልጄ ግን አልሳቀችም። አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ የሰማሁት ከማን ይመስልሃል? ከደላላ! ትናንት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ደላላ አንዲት ሴትዮ አስከትሎ፣ ሜትሩን ይዞ ሰተት አለ። መኝታ ቤቴን ለካ። ሴትዮዋ መጋረጃዬን ነካ ነካ አድርጋ "ይሄ ይቀራል?" አለች። ደሜ ፈላ። "እኔስ እቀራለሁ?" አልኳት። ደላላው ክው ብሎ፣ ልጅዎና ወንድምዎ ተስማምተዋል ስለተባልኩ ነው እማማ አለኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ በእሱ አልፈረድኩም። ሜትሩን ጠቅልሎ እስኪወጣ በሩን ይዤ ቆምኩ።

ወዲያው ልጄን ደውዬ አፋጠጥኳት። እማዬ አእምሮዋ እየሄደ ነው ብላ ደውላልህ፣ ቤቴ ተከራይቶ እኔ ከእሷ ጓሮ ካለችው ክፍል እንድገባ ሁለታችሁ ጨርሳችኋል ለካ! ቀስ ብዬ ልነግርሽ ነበር፣ ደላላው ቀደመኝ አለችኝ። እሷስ ልጅ ናት። አንተስ? እናታችን ሥራ ስትውል በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ፣ ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ እኮ! ዛሬ የት እንደማድር አንተ ትቆርጥልኛለህ? አንድ ጊዜ ደውለህ እትዬ ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ ምላስህ ይታሰር ነበር?

ክፉ አስባችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመጨረሻው ዓመት የገዛ ልጁን ስም ሲረሳ አይታለች። ያስለቀሳት ማንኪያዋ ሳትሆን እሱ ነው። ይህን የተረዳሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ግን እኔ እሱ አይደለሁም። ያጣሁት ሥራዬን ነው እንጂ አእምሮዬን አይደለም። ማንኪያዋን ኪሴ የከተተው እጄ ቢሆንም፣ መጉደሏን ያወቀው ይኸው እናንተ ሄደ ያላችሁት ጭንቅላቴ ነው። ሃያ ሦስት ቀን ለሠላሳ አራት ዓመት ምን አላት? ጊዜ ስጡኝ።

ስለዚህ ከቤቴ አልወጣም። ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆሞ ለማውረድ ያስቸግራል፤ ቢሆንም አንተው የሰቀልከውን አንተው አውርደው። ለልጄ ደውልና እናትሽን ሳንጠይቅ አጥፍተናል በላት። እኔም እሁድ ቤቷ ሄጄ ሳልቆጣ አነጋግራታለሁ፤ ብቆጣም ትንሽ ነው። ከዚያች ጓሮ ክፍል የምገባበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ያን ቀን ግን በሩን የማንኳኳው እኔ ነኝ፣ በገዛ እግሬ መጥቼ።

በል እንግዲህ፣ ለባለቤትህ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል በላት። ትልቁን ልጅህን ለፈተናው በርታ በለው። መንትዮቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ እስካሁን አትለያቸውም አሉ፣ አንዷን ሁለቴ ስመህ ሌላዋን እንዳታስከፋ። አማትህ ጉልበታቸውን በሙቅ ውሃ ይያዙት። ከአንተ ጋር ስድስት ናችሁ፤ ቆጥሬያለሁ፣ ሞልቷል።

የስልክ ምክራችሁ ግን አልሞላም። ስለ እኔ ኑሮ ሦስት ሰው መነጋገር ሲገባው ሁለት ነበራችሁ። አንድ ሰው ይጎድላል። እሷን ሳታገኙ አትስፉ።

እህትህ

ከገዛ ቤቴ፣ መጋረጃዬ ከተሰቀለበት መስኮት ሥር
ዓርብ፣ ጡረታ በወጣሁ በሃያ ሦስተኛው ቀን