ሁለት ሰው የሚፈልግ መስኖ

ይድረስ ጅዳ ላለው ወንድሜ ለሙስተፋ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያምህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ ወይ? የምትበላውስ ይስማማሃል? አብሮህ የሚያድረው ሸረፋስ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ይህን የምጽፍልህ ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ የውሃ ተራችን ስለሆነ አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

በሰው የላክኸው መልእክት ደርሶናል። በርበሬው ከያዘ ለመጪው አረፋ ጠቅልዬ ልግባ ወይ፣ ቁርጡን ንገሩኝ ብለሃል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እቤታችን አርፎ የሚቀመጥ ሰው የለም። እማማ ግባ በይው ትላለች። አባባ ደግሞ እዚያ ሥራ አለው፣ እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል፣ የበርበሬውንም ነገር እንዳትጽፊ፣ በሰው አገር ሆኖ ሐሳብ ይገለዋል ይላል። እኔን ታውቀኛለህ፤ ሆዴ ነገር አይችልም።

በርበሬው ግማሹ ሞቷል።

እንደምታውቀው ወንዙን ጠልፈን በቦይ ስናመጣ አንድ ሰው ከላይ ይከፍታል፣ አንድ ሰው ከታች ይመልሳል። በእኛ ተራ ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሶ ይመጣል፣ በእሱ ተራ እኛ እንሄዳለን። የላክህልን የውሃ ሞተር ሲመጣ ግን ናጃህ ከእንግዲህ የማንንም ተራ አልጠብቅም ብሎ ከወንፈሉ ወጣ። ታናሽ ወንድማችን ከዚያ ወዲህ እሱ ራሱ እንደ ሞተር ሆኖልሃል፤ አንዴ ከተነሳ ማንንም አይሰማም። አባባም ደስ ስላለው አልከለከለውም።

ሞተሩ ያለው ወንዙ ዳር፣ ማሳው ያለው ዳገቱ ላይ ነው። እኔ ቡታጅራ ገበያ በሄድኩበት ቀን ናጃህ ብቻውን ሞተሩን አስነስቶ ቦይ ሊመልስ ሽቅብ ሮጠ። አንዱን ሲደፍን ሌላው ይሰበርበታል። ሞተሩን ላጥፋ ብሎ ቁልቁል እስኪወርድ ማሳው ኩሬ ሆነ። በዚያ ቢያበቃ ደህና ነበር። በማግስቱ በርበሬው ቅጠሉን አንጠልጥሎ ጠወለገ፤ ናጃህም የጠማው መስሎት እንደገና አጠጣው። እኔም አባባም ቆመን እያየን ተው አላልነውም። በርበሬ ሲጠወልግ እኛ የምናውቀው ጥም ብቻ ነው፤ ውሃ ጠግቦ የሚሞት ተክል በዚህ መንደር ማን አይቶ ያውቃል?

አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣች ኢትዮጵያ የምትባል የግብርና ሠራተኛ አለች፣ የሰሜን ሰው ናት። እሷ አንዱን ነቅላ ሥሩን አሳየችን። ጠቁሮ ይላላጣል። «ይሄ የጠማው አይደለም፤ ሥሩ ታፍኖ ነው የበሰበሰው» አለች። ናጃህ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

ቆይ፣ ውሃው መጣ።

ተመለስኩ። እጄ ጭቃ ነው፣ ወረቀቱ ቢበላሽ ይቅር በለኝ። ግማሹን ያተረፈልን ማን መሰለህ? ጋሽ ሸምሶ ነው። ማንም ሳይጠራው አካፋውን ይዞ መጥቶ ከማሳው ግርጌ ማፋሰሻ ቀደደልን። ከወንፈል ስለመውጣታችን አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ቢሰድበን ይሻለን ነበር። አሁን ኢትዮጵያ እንዳለችን መደቡን ከፍ አድርገን ውሃውን አንድ ቦይ እየዘለልን እንለቃለን። ግንዱን ሳይነካው ከጎን ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ወደ ወንፈሉም ተመልሰናል፣ ሞተሩም የሁላችን ሆኗል፤ የላክኸው አንተ ነህና ቅር ይልህ እንደሆነ ንገረኝ።

ግን ጋሽ ሸምሶ ደክሟል፣ ልጆቹም ሁሉ አዲስ አበባ ገብተዋል። ናጃህ ደግሞ ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም እንደ ሙስተፋ እሄዳለሁ ይላል። ዛሬ ሞተሩ ጋ ያለው እሱ ነው፤ ከዚህ ሆኜ አጥፋ ብዬ ብጮህ ሞተሩ ድምፄን ይበላዋል። የሚቀጥለው ተራ ሲደርስ ይኖር አይኖር አላውቅም። ቁጭ ብዬም ቆሜም የማስበው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ቁርጡን ንገሩኝ ብለሃል። በርበሬው ይዟል ብዬ አልዋሽህም፤ ዘንድሮ ከቤት የሚተርፍ አይደለም። በዚህ ተስፋ አድርገህ ሥራህን እንዳትተው። ቆይ ልልህ ብዬም ጀምሬ ነበር፣ መልሼ ሰረዝኩት። ሞተር ላክህልን፣ አላህ ይስጥህ፤ የጎደለን ግን ሰው ነው። ናፍቀኸኛል ሙስተፋ። እኔ ግባ እላለሁ።

እማማ ዱዓዬ አይለየው ብላሃለች፤ ስምህን ሳታነሳ የምትሰግደው ሶላት የለም። ናጃህ ምን ልበልልህ ስለው አንገቱን ደፍቶ ሰላም በይልኝ ብቻ አለ፤ እባክህ አንተ ለብቻው ጻፍለት። ጋሽ ሸምሶ አደራ ራስህን ጠብቅ ይልሃል። ለሸረፋ የሁላችንንም ሰላምታ አድርስልን።

አባባ ቅድም ወደ ማሳው መጥቶ ነበር፤ እስከዚህ ያለውን አነበብኩለት። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ተነስቶ ወደ ቤት ሄደ። ብዙ ቆይቶ ተመለሰና «ትቶት ለሄደው ዶማ አዲስ እጀታ አስገብቼለታለሁ በይው» አለኝ።

እህትህ ሰልሚያ
መስቃን፣ ከቡታጅራ ወደ ቆሼ መንገድ
የካቲት 11 ቀን 1999 ዓ.ም.