የቧንቧው አፍ ላይ የተነሳችው ንብ

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለምሳሳልሽ፣ እንደ እናት ላሳደግሽኝ እትዬ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ መቆርጠሙን ተወት አደረገሽ ወይ? የባለቤትሽ ሳልስ? ልጆቹ ዛሬም በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ይጣላሉ? እኔ ደኅና ነኝ። የምሠራበት ላውንደሪ እንፋሎት ፊቴን እንደ ድንች ከመቀቀሉ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ «ያ የነፍሳት ፎቶህ ነገር ከምን ደረሰ? ኤግዚቢሽን ላይ ይሰቀላል ያልከው ተሰቀለ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ተሰቅሎ ነበር፣ እትዬ። እንዴት እንደወረደ ልንገርሽ።

ከምኖርበት ፎቅ ጀርባ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ። ሥሩ ሣር በቅሎበታል፤ ጠዋት ጠዋት ንቦች ውሃ ሊጠጡ ይመጣሉ። ፀሐይ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ሾልካ እዚያ የምትደርሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሥራ የምገባው ከሰዓት ስለሆነ፣ ያረጀ አንሶላ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ እሰቅልና ብርሃኑን አለስልሼ በሆዴ እተኛለሁ። አምፖል የለ፣ ፍላሽ የለ። አንዲት ንብ ጠብታውን ስትነካ ለማንሳት ወር ሙሉ በደረቴ ተሳብኩ። የሰፈሩ ሰው ግን ሰው መስሎሽ! የሕንፃው ጥበቃ «ምን ጠፍቶብህ ነው?» ይለኛል፤ በየቀኑ ይጠይቃል፣ በየቀኑ ያንኑ መልስ ይሰማል። የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ደግሞ እሷን የምሰልል መስሏት መጋረጃዋን እያንቋቋች ትዘጋለች። ንብ ትቶ እሷን የሚያይ ሰው ካለ ይታዘንለት።

ከሁሉ የሚብሰው ጃንጥላው ነው። ምድር ቤቱ ላይ ፎቶ ቤት ያለው የሠርግ ፎቶ አንሺ ሲሆን፣ ለመብራቱ የሚዘረጋቸውን ነጫጭ ጃንጥላዎች አይተን ያወጣንለት ስም ነው። ሙሽራ ሁሉ አገጩን በመዳፉ ካላስደገፈ የተነሳ አይመስለውም። አንድ ጠዋት ከላዬ ቆሞ ከት ብሎ ሳቀና፣ «አንተ ሞኝ፣ ፍሪጅ ውስጥ አሥር ደቂቃ ብትከታት ድንዝዝ ትልልሃለች። ከዚያ እንደፈለግህ ታስቀምጣታለህ። እኔ እንዲያውም ለኤግዚቢሽኑ ያነሳኋትን ቢራቢሮ በሙጫ ነው የለጠፍኳት» አለኝ። ምራቄን ጢቅ ልል ብዬ ሣሩ ላይ ንቦች ስላሉ ዋጥኩት።

የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ያወጣው የኤግዚቢሽኑ ውድድር ማስታወቂያ ግልጽ ነበር፤ ከቤት ደጃፍ ሳይርቁ፣ በተፈጥሮ ብርሃን የተነሱ፣ በሕይወት ያሉ ነፍሳት ይላል። ፎቶ መቀበያው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰማዩ ዳመነ። በመጨረሻው ቀን ፀሐይ ወጣች፤ ንቦቹ ግን አንዷም አልረጋ አለች። ያን ጊዜ የናቅኩትን ሰው ምክር ሰማሁ። አንዷን በብርጭቆ ያዝኩና ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ አጠገብ አስቀመጥኳት። አሥር ደቂቃ ያነሰ መስሎኝ ሃያ አደረግኩት። ከዚያ አውጥቼ ቧንቧው አፍ ላይ አኖርኳት። ጠብታዋ ከፊቷ ተንጠለጠለች፤ ብርሃኑ በክንፏ ውስጥ አለፈ። ዕድሜዬን እንደዚያ ያማረ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ስጨርስ፣ ትነቃ እንደሆነ ብዬ ፀሐይ ወዳለበት ወስጄ ጠበቅኳት። ሥራ መግቢያዬ ደረሰ። እግሮቿን ሰብስባ እንደተኛች ቀረች። ፎቶውን ግን ላክሁት። ጃንጥላውን ሲንቅ የከረመው እኔው ላክሁት።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት ጃንጥላው ክራቫቱን አስሮ መጣ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አይደል የሚባለው፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ስለ ትዕግሥት ንግግር አደረገ። ቢራቢሮዋ እስክትለምደው ትንፋሹን ውጦ ሦስት ሰዓት እንደጠበቀ ሲናገር፣ አንዲት ወይዘሮ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። መሐረባቸውን ብቀማቸው ደስ ባለኝ። ወዲያው አንደኛ የወጣው የእኔ ፎቶ ነው ተባለ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ንቧን እንዴት እንዳነሳኋት ለሰዉ እንድናገር ጠራችኝ። ከወንበሬ ስነሳ ጃንጥላው ጠቀሰኝ። እንደ ባልንጀራ፣ እንደ ሙያ ጓደኛ ጠቀሰኝ፣ እትዬ! ሳቁን ችዬ ነበር፤ ያን ጥቅሻ ግን አልቻልኩትም። «ንቧ የሞተች ናት» አልኩ። «ፍሪጅ ውስጥ ከትቼ ገደልኳት። አንደኝነቱ አይገባኝም።»

መጀመሪያ አፉን የከፈተው ማን ይመስልሻል? ጃንጥላው! «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛ ወጥቶ ኖሮ የእኔ ሲወርድ የእሱ ባለ ሙጫ ቢራቢሮ በቦታው ተሰቀለ። ጉዱን ላወጣው እችል ነበር፤ አፌ ድረስ መጥቶ መለስኩት። ለእሱ አዝኜ እንዳይመስልሽ። በእሱ ሙጫ የእኔን ፍሪጅ የምሸፍን መስሎ ስለታየኝ አስጠላኝ። ወይዘሮዋ በሩ ላይ ጠብቀው «ነውር ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ያንገበገበኝም ለጃንጥላው ውሸት እንባ የጠረጉ ሴት ልክ መሆናቸው ነው።

በማግስቱ ተመልሼ ቧንቧው ሥር ተኛሁ። ንብ አልመጣችም። የመጣው ዝንብ ነው፤ ሰው ሁሉ እሽ የሚለው ተራ ዝንብ። እጆቹን እያፋተገ ፀሐይ ሲሞቅ አነሳሁት። ፎቶውን እዚሁ ፖስታ ውስጥ ታገኚዋለሽ። አንድ እግሩ ደብዝዟል፤ ሳነሳው ስላንቀሳቀሰው ነው። ባለቤትሽ «ዝንብም ፎቶ ይነሳል እንዴ?» ብሎ እንደሚስቅ አውቃለሁ፤ ይሳቅ። አንቺ ግን እግሩን ልብ ብለሽ እዪልኝ።

ለባለቤትሽ፣ ሳሉን እንዳይንቀው ንገሪልኝ። ትልቋን ልጅ ሁለት ጊዜ፣ ትንሹን ደግሞ ካኮረፈ ሦስት ጊዜ ሳሚልኝ። ለአማትሽ ከወገቤ ጎንበስ ብያለሁ። ጉልበትሽን በደረጃ አታድክሚብኝ። በሠራሁት ሥራ ብትቆጪም ተቆጥተሽ ጻፊልኝ እንጂ ዝም አትበይኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከፎቁ ጀርባ፣ ቧንቧው አጠገብ
እሑድ ረፋድ፣ ግንቦት 17 ቀን