ጋሽ ቀስበልና የተቆለፈው በር

ጋሽ ቀስበል ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥር ጥግ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። የልደት ወረቀታቸው ኅዳር 1948 ዓ.ም. ይላል፤ ታላቅ እህታቸው ግን «ወረቀቱ አዝሎታል እንዴ? ያዘልኩት እኔ ነኝ!» እያሉ አንድ ዓመት ይጨምሩላቸዋል።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ በ1965 ዓ.ም. በዚያው ፋብሪካ የሽመና ማሽን ረዳት ሆኑ። ሬጌን የሰሙት ያኔ፣ ከጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ ሬዲዮ ነው። ማሽኑ ሲያጣድፋቸው ለዋሉት ወጣት ያ ረጋ ያለ ምት እረፍት ሆናቸው። ቤዝ ጊታር ያለ አስተማሪ ለምደው ባንድ አቋቋሙ። ከበሮ መቺውን «ቀስ በል» ማለት ስለሚያበዙ ቅጽል ስማቸው በዚያው ጸና።

የዘፈኑት ስለ ሠራተኛ ድካምና ስለሚያፈስ ጣሪያ ነው። ዘፈናቸውን ከማስቀረጻቸው በፊት ለተዘፈነላቸው ሰዎች ያሰማሉ፤ «ይሄ እኛ አይደለንም» ከተባሉ ይተዉታል። በ1974 ዓ.ም. ያገቧቸው የፋብሪካው ክር ፈታይ ባለቤታቸውም የተዋወቋቸው «ማሽን ላይ ማን ያለቅሳል? ክሩ ይበላሻል!» ብለው አንዱን ዘፈን ሲጥሉባቸው ነው።

ይህን ልማድ አንድ ጊዜ ብቻ ጣሱ። በ1977 ዓ.ም. ፋብሪካው ተቃጥሎ በሩ የተቆለፈባቸው አሥራ አንድ ሠራተኞች ሲሞቱ፣ በቁጣ በሦስት ቀን የቀረጹት ዘፈን «በሩን ዘበኛው ቆለፈው» ይል ነበር። ዘፈኑ አገር አዳረሰ። ከወር በኋላ ዘበኛው መለማመጃ ክፍላቸው ድረስ መጥተው የተቃጠለ እጃቸውን ዘረጉ። «ወንድሜ፣ ቁልፉ ሥራ አስኪያጁ ኪስ ነበር። በሩን የገነጠልኩት በዚህ እጄ ነው። ዘፈንህስ ጥሩ ነው፤ ልጄ ግን በሱ የተነሳ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች።»

በማግስቱ ጋሽ ቀስበል የልጅቷን እጅ ይዘው ትምህርት ቤት ሄዱ፤ በተማሪው ሰልፍ ፊት ስህተታቸውን ተናገሩ። ስንኙንም አርመው እንደገና ቀረጹ። በአዲሱ ስንኝ ሥራ አስኪያጁን በመጥራታቸው ሁለት ዓመት ከሬዲዮ ታገዱ፤ ንቅንቅ አላሉም። የተሸጠ ካሴት አይመለስምና፣ ከዚያ ወዲህ በየመድረኩ እዚያ ስንኝ ላይ ሲደርሱ ባንዱን ያስቆማሉ፤ «በሩን የሰበረው ዘበኛው ነው» ብለው ከተመልካቹ ጋር ሦስት ጊዜ ካልደገሙ አይቀጥሉም። ይህንንም ሠላሳ ስምንት ዓመት አደረጉ። ዘፈን ያጠፋውን ስም ዘፈን መልሶ ያቃናል ብሎ ማን ያምን ነበር? ያየ ግን አይቷል።

ባለፈው ዓመት በጉሮሮ ሕመም ድምፃቸው ተዘጋ። አልጋቸው አጠገብ የተቀመጡት ዘበኛው «አሁንስ ይብቃህ፣ ያልሰማ የለም» ሲሏቸው፣ የአልጋውን ብረት በጣታቸው ሦስት ጊዜ መቱ።

ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው፣ በእህታቸው ቆጠራ በ69፣ ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ታላቅ እህታቸውና ወንድሜ ያሏቸው ዘበኛ ከኋላቸው ቀርተዋል።

ዛሬ ባንዱ ያንን ዘፈን ተጫውቶ እዚያ ስንኝ ላይ ይቆማል። የዘበኛው ልጅ ታስጀምረናለች፤ ሦስቱንም ጊዜ እኛ እንላለን። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ቁልፍ የሌለውን በር ይክፈትላቸው።