ሰባተኛዋ የጅራፍ ምት

«ከላክሁልሽ ሲዲ ጋር ያለውን ወረቀት አነበብሁት። በሠረገላው ሙዚቃ ላይ ጅራፉን የመቱት ጋሼ ሂኔክ ናቸው እንጂ አባባ አይደሉም። እማዬ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው እጅ ስትሰሚ ኖረሻል። እሳቸውም በየዓመቱ ኬክሽን እየበሉ ዝም ብለውሻል። እውነቱን ብታውቂ ይሻላል ብዬ ነው።»

ይህ ያንተ ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።

ወንድሜ ራዲም፣ ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? ማርጋሬት እንዴት ናት? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔና ኢቫና ደህና ነን፤ ኤሊሽካም ፈተናዋን አልፋለች። እማዬ ግን ደህና ናት ብዬ አልዋሽህም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዲሉ፣ ባለፈው ሳምንት ኢቫና ጋ ደውለህ «እማዬ ለምን ስልክ አታነሣልኝም?» ብለሃል አሉ። ለምን እንደማታነሣ ልንገርህ።

ደብዳቤህ የደረሰው ቅዳሜ ነው። ያንተን ደብዳቤ ለእሑድ ምሳ ማቆየት ልማዷ መሆኑን ታውቃለህ። ከምሳ በኋላ እንደ ወትሮው የአባባ ኦርኬስትራ የተቀዳበትን ሸክላ በሁለት መዳፏ ጠርዙን ይዛ አወጣችው፣ እፍ አለችበት። እፍ አትበዪበት፣ ምራቅ ያበላሸዋል ብዬ ሺህ ጊዜ ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ የዳንሱ ዜማ ቫልሱ፣ ቀጥሎ ኢቫና የሳህን ፎጣ ይዛ የምትጨፍርበት ፈጣኑ፣ መጨረሻ ላይ «የፖስታ ሠረገላ»። ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ነው። አባባ ሁለት እንጨት እያጋጩ ያወጡት የነበረውን የጅራፍ ድምፅ እማዬ በጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ትቆጥራለች። ስድስቱ ከፈረሶቹ ኮቴ ጋር እኩል ይወርዳሉ። ከዚያ ኦርኬስትራው ጸጥ ይላል፣ ሰባተኛዋ ቀረች ስትል ጧ ትላለች። «ያውላችሁ ቦሁሚል» ትላለች እማዬ፣ አባባን በስማቸው ጠርታ።

አንተ ይህን «የካፌ ሙዚቃ» ትለዋለህ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጓደኞቼ እንዳይሰሙ በር እዘጋ ነበር። ዛሬ አላፍርበትም። አርባ ሰው አንድ ላይ ሆኖ፣ አንዱ የፀጉር ስንጣቂ ታህል ሳይስት፣ ለፍል ውሃ የመጣውን በሽተኛ ሁሉ በሦስት ደቂቃ ማሳቅ ቀላል ሙያ አይደለም።

ሸክላው እየዞረ ደብዳቤህን እንዳነብላት ሰጠችኝ። አነበብሁ። አንተ ሳትነግረኝ የራሴን ጥፋት ራሴ ልጻፈው፤ ማንበብ አልበቃኝም። ሲዲውን አምጥቼ የስም ዝርዝሩን በማጉያ መነጽር ካየሁ በኋላ «ልክ ነው፣ ራዲም አልተሳሳተም» አልኋት። ታውቀኛለህ፣ የተሳሳተ ቀን በመቃብር ድንጋይ ላይ ባይ እንኳ አላልፍም። እማዬ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን፣ መርፌውን ከመሃል አንሥታ ሸክላውን ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችው። እነሆ አራት እሑድ በጸጥታ በላን።

ይባስ ብላ ለኦክቶበር 3፣ ለአባባ የስም በዓል፣ ስማቸው ለሚታሰብበት ቀን፣ ሽማግሌዎቹ የአባባ ባልደረቦች እንዳይመጡ ደወለችላቸው። ከዚያ ሁሉ ኦርኬስትራ የቀሩት ሦስት ናቸው። በየዓመቱ መጥተው የፕሪም አረቄ እየጠጡ፣ ጅራፉ በመጣ ቁጥር ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ሲመቱ አብረን አድገናል።

ሐሙስ ዕለት ጋሼ ሂኔክ ከነምርኩዛቸው አራት ፎቅ ወጥተው እኔ ቤት መጡ። ሳይቀመጡ «አንተ የተማርከው ነህ ማጉያ መነጽር የያዝከው?» አሉኝ። ከዚያ ነገሩኝ። በ1965 ሸክላው በተቀዳበት ዕለት አንተ አራት ዓመትህ ነበር። ጉሮሮህ አብጦ ትንፋሽ አጥሮህ አባባ ተሸክመው ሆስፒታል ወስደውሃል። ጎህ ሳይቀድ ሁለቱን የጅራፍ እንጨቶች ካፖርታቸው ውስጥ ሸጉጠው ጋሼ ሂኔክ ቤት ሄዱ፤ የትሮምቦን መለከት ነፊ የነበሩትን ጋሼን በፒጃማ አቁመው ሲያስጠኗቸው አነጉ። ከዚያ ወዳንተ ተመለሱ።

«እጁ የኔ ነው» አሉኝ ጋሼ ሂኔክ፤ «ምቱ ግን የአባትህ ነው። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ነው ሰባተኛዋን የምትመታት ብሎኛል። እኔ በራሴ ብሆን በሰዓቱ መትቼ አበላሸው ነበር።»

እማዬ ይህን ሁሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ልጁ እንዳይሰማ ብለው ያስማሏት አባባ ናቸው። ማታውኑ እሷ ጋ ሄጄ ታዲያ ለምን ለራዲም አትነግሪውም ብዬ ብቆጣት ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ልበለው? ባንተ የተነሣ ነው አባትህ የቀረበት ልበለው? ሽማግሌዎቹንም ያስቀረሁት ይህን እንዳያወጡብኝ ነው።»

ላንተ እንዳልጽፍ ለምናኝ ነበር። ጻፍሁ። ሐሰት ሆኖ የተመዘገበ ነገር እያየሁ መተኛት አልችልም፤ ቁጣዋን እኔ እችለዋለሁ።

ለማርጋሬት የከበረ ሰላምታ አቅርብልኝ። ለትልቁ ልጅህ ለቶማስ፣ ለትንሿ ለሄለንም ሰላም በልልኝ። ኢቫናና ኤሊሽካ ሰላም ብለዋችኋል። የእማዬን ሰላምታ ልጨምር አልችልም፤ አላከችኝም።

አሁን የምጠይቅህን ልብ ብለህ አንብብ። ለእማዬ በእጅህ ጻፍላት። ስልክ አይሆንም፤ በስልክ ምላስህ ይቀድምሃል። ይቅርታ ብቻ ብለህም እንዳታልፍ። ከእኔ መስማትህን፣ አራት ዓመትህ እንዳልሆነና ነገሩን መሸከም እንደምትችል ጻፍላት። ሽማግሌዎቹንም እንድትጠራቸው ለምናት። ይህ ደብዳቤ በአሥር ቀን ይደርስሃል፣ ያንተም በአሥር ቀን ይደርሳታል፤ ሦስት ቀን ለማሰብ ትቼልሃለሁ። እስከ ሴፕቴምበር 30 እጇ ላይ እንዲገባ።

ወንድምህ ዳሊቦር
ቡኮቭስኮ፣ ቦሔሚያ
ሴፕቴምበር 7 ቀን 2009