ለእምቢታ ሄልሜት

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬም ሱቅ። ሸራ፣ ገመድ፣ ጆንያ። የቡና ለቀማ ሰሞን ስለሆነ ከገጠር የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። የምታስተናግደው ታላቄ የሺ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሸራ ስትለካ ነው ያረጀችው። እኔስ?

ባለፈው ቅዳሜ መድረክ ላይ ስቀልድ ማንም አልሳቀም። ማንም! አንዱማ ስልኩን አንስቶ "ጸጥ ያለ ቦታ ነኝ፣ አውራ" አለ። የኮሜዲውን ምሽት የሚያዘጋጀው ሙዘሚል ጎተት አድርጎኝ፣ "ኤልቢ፣ ይሄ የአዲስ አበባ ቀልድ ነው፣ ከስልክ የቀዳሽው። የታክሲ ሰልፍ ለዲላ ሰው ምኑ ነው? የቤትሽን አውሪ" አለኝ። ታኅሣሥ ላይ ሀዋሳ ትልቅ ዝግጅት አለ። የወደዱትን ሰው በቋሚነት ይይዙታል። ከዲላ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ካልሆንኩ... እዚሁ ሸራ ስለካ መቅረቴ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ሽማግሌ መጣ! ሦስት ናቸው፣ ከኮንጋ ገጠር። ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ሥር አየሁ። አባዬ "ተቀመጡ" ሲል "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። መሪያቸው አቶ ባልቻ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ቡናው አወሩ። ስለ አባዬ ደግነት አወሩ (የት አይተውት ይሆን?)። ከስንት ዙር በኋላ "ልጅዎን ለልጃችን ለደመላሽ" አሉ። በመጀመሪያ ቀን የሴት ልጅ ስም መጥራት ነውር ነው፤ አልጠሩም፣ አባዬም አልጠየቀም። "ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ" ብሎ ሸኛቸው።

ደመላሽ! በሞተር እየዞረ እሸት ቡና የሚሰበስበው፣ ከኛ ሱቅ ሸራ ሲገዛ መሬት መሬት የሚያየው። እኔን? ምን አስቦ ነው? የሺ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ሰበረች፤ ለኔ ተጨንቃ መሰለኝ።

ደግሞ ሽማግሌዎቹን በሞተር አመላልሶ ያመጣቸው ራሱ ነው። በር ላይ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ቆሞ ጠበቃቸው። ለምን አላወለቀም? እምቢ ስንለው ጭንቅላቱን እንዳይመታው!

አገኘሁት። የቤቴን አገኘሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሳቁ ሳቁ ሳቁ። የአቶ ባልቻን ጉልበት ሳንቀጠቅጥ አንዲት ሴትዮ እንባዋን ጠረገች። "ለእምቢታ ሄልሜት አድርጎ የመጣ ወንድ!" ስል አዳራሹ ተናጋ። ስሙንም ጠራሁት። ስም ካልተጠራ ምኑ ያስቃል?

ሙዘሚል አቀፈኝ። "ሀዋሳ ያንቺ ናት" አለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ተለቀቀ። አባዬና እማዬ ቲክቶክ አያውቁም፣ ተመስገን።

መናኸሪያ ጋ ደመላሽን አየሁት። የባጃጅ ሹፌሮቹ "ሄልሜትህን አጥብቅ! እምቢ ልትባል ነው!" ይሉታል። አወለቀው። ባዶ ራሱን ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ሳቄን አፍኜ ሞትኩ። ክፉ ነኝ እንዴ? ልሁና። ሰው ያወቀኝ አሁን ነው።

የሺ ምግብ አትበላም። "ጾም ገብቷል" ትላለች። ጾም ሽሮም ይከለክላል? "ቪዲዮውን አየሽው?" ስላት፣ "አየሁት።" "አያስቅም?" "ድምፅሽ ጥሩ ነው" አለችና ወደ ሥራዋ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። ግቢ አልገቡም። አባዬ "ግቡ እንጂ!" እያለ ሲለምን አቶ ባልቻ በር ላይ ቆመው፣ "አንገባም፣ አቶ መላኩ። ቃላችንን ልናነሳ ነው የመጣነው" አሉ። "እኛ የጠየቅነው ትልቋን ነው፣ የሺሃረግን። ከተዋወቁ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ትንሿ ግን አገር አሳቀችብን። ልጃችን ገበያ መውጣት አፍሯል። ሽማግሌ የሚሳቅበት ቤት ሌላም ሽማግሌ አይመጣበትም።"

የሺን። እኔን አይደለም።

ዞር ስል በረንዳው ላይ ቆማለች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። መቼ እንዳሰፋችው እንኳን አላውቅም። ገብታ ቀየረችና ሱቅ ከፈተች። በእሑድ!

መጀመሪያ የተሰማኝን ልጻፈው፣ ማንም አያነበውም። ቅናት ነው። እኔን ባለመሆኑ ተናደድኩ። ማልቀስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ለሙዘሚል ነገርኩት። ያዝንልኛል ብዬ። ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። "ለእህትሽ ነው የመጡት?! አንቺ ደግሞ... ኧረ ይሄማ ይበልጣል! ለሀዋሳ ይሄን ነው የምትሠሪው!"

"አላደርገውም" አልኩት።

ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ሞከርኩት። ለመሞከር ያህል ብቻ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ሀዋሳ። ቆመው አጨበጨቡልኝ። ያዙኝ! በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ ይፈልጋሉ፣ "ከቤትሽ፣ እንደዚህ ያለ።"

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ከቤቴ ምን አመጣለሁ? ስገባ ወሬ ይቋረጣል። እማዬ ዛሬ ስለ ጎረቤት መታመም የሆነ ነገር ጀምራ ሳለች አባዬ "ተይው፣ መጣች" አላት። ምሳ በላን። አባዬ ጎሮሮውን ሲጠርግ እንኳን አየኝና ተወው።

ከሰዓት ሱቅ ሄድኩ። የሺ ሸራ እያጠፈች ነበር። ከዚያ እሑድ ወዲህ ዛሬ ገና አናገረችኝ፣ ቀና ሳትል።

"ብዙ ሰው ነበር?"

"ሞልቶ ነበር።"

"ስለ እኔም አወራሽ?"

"...አዎ።"

"ሳቁ?"

"ሳቁ።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ባንኮኒው ፊት ቆሜ አቶ ባልቻን ሆንኩ። አባዬን ሆንኩ። ከዚያ እሷን ሆንኩ፤ በረንዳ ላይ፣ በአዲስ ቀሚስ፣ ሽማግሌዎቹ መመለሳቸው ያልገባት፣ እንደ ሙሽራ ፈገግ ያለች። ፈገግታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሀዋሳ ላይ ሰው ሳቁን እስኪጨርስ የጠበቅኩት እዚያ ላይ ነው። ሳላስበው ጠበቅኩ።

የሺ ሸራውን እንደያዘች አየችኝ።

"እዚህ ጋ ነው የሚስቁት?"

"አዎ" አልኳት። "እዚህ ጋ ነው።"