አበባ የሚያቆየው መድኃኒት

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤ ይህች ወረቀት በሰላም እጅሽ ትግባ።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ምግብ ይበላልሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን፤ ከወንድምሽ ሞት ወዲህ ይህም መኖር ከተባለ እየኖርን ነው። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ደህና ነው። ታናሽ እህትሽ ጽሑፌ ሽቅብ ቁልቁል እንዳይል መስመር ያለው ወረቀት ገዝታልኝ፣ ቀስ እያልኩ እጽፍልሻለሁ። በስልክ ስጠይቅሽ ወሬ ትቀይሪብኛለሽ፤ ወረቀት ግን አይቋረጥም፣ እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

ከወንድምሽ ፎቶ አጠገብ የማኖረውን አበባ አንቺ እንደነገርሽኝ ነው የምይዘው። ዘንጉን በስለታም ቢላ ሰያፍ አድርጌ እቆርጣለሁ፣ ውኃ የሚነካውን ቅጠል እመለምላለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃውን እቀይራለሁ። ስኳር ቆንጠር አድርጌ በረኪና ጠብ አደርግበታለሁ። አባትሽ «ለእኔ ሻይ ስኳር ትሰስቻለሽ፣ ለአበባው ትበትኛለሽ» እያለ ያሾፍብኛል። እውነትም ይቆያል።

ባለፈው ግን ጠዋት ስነሳ አበባው በሙሉ ረግፎ ጠረጴዛው ላይ ተነጥፏል። አንቺን ነው ያሰብኩት። ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላደርግ መንገዱ ጥግ ወዳለችው አበባ ሻጭ ሮጥኩ። ከአጠገቡ ምን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። አክስትሽ ያመጣችውን የበሰለ ሙዝ እዚያው እንዳስቀመጥኩ ነገርኳት። የበሰለ ፍሬ አጠገብ ያለ አበባ ቶሎ ያረጃል ብላ «እማማ፣ ሙዝ ነው እንጂ ሟርት አይደለም» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ።

ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም። ልጄ አበባ የሚታሸግበት ቤት ነው የምትሠራው፣ ሩቅ የሚላከው እንዳይጠወልግ መድኃኒት ውስጥ የምትነክረው እሷ ናት ብዬ ስኮራብሽ፣ የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። በጓንት ነው አይደል አለችኝ። በባዶ እጇ ስትነክር የኖረች ጓደኛ እንደነበረቻት ነገረችኝ፤ ቆዳዋ እየተላጠ፣ የሸሚዟን ቁልፍ መቆለፍ እስኪያቅታት ድረስ።

አንቺ ደግሞ ጓንት እሾህ ለመልቀም አይመቸኝም፣ ሥራ ያዘገይብኛል ብለሽኝ ነበር። ይኸው ሆዴ ፈርቶ ተቀምጧል። ድሮ መልእክት የምትልኪልኝ ጽፈሽ ነበር፤ አሁን በድምፅ ብቻ ሆነ። እህትሽን ለምን ይሆን ብላት «አይ እማዬ፣ ዘንድሮ ማን ይጽፋል!» አለችኝ። በላክሽው ፎቶ ላይ ሁለቱም እጆችሽ ኪስሽ ውስጥ ናቸው። ደጋግሜ አየሁት።

ወንድምሽም «ጉንፋን ነው እማዬ፣ ያልፋል» ይለኝ ነበር። እንዳልጨነቅ ብላችሁ ሁላችሁም ደበቃችሁኝ፤ እኔ ሞኟ ሾርባ ሳሞቅ ልጄ አመለጠኝ። ስለዚህ ልጄ፣ «ደህና ነኝ» ብለሽ አትመልሽልኝ። እሱ ቃል ነው የሚያስፈራኝ። አብራሽ የምትኖረውን ልጅ በእኔ ስም ለምኛት፤ እጅሽን አይታ እውነቱን እሷ ትጻፍልኝ። ክፉም ቢሆን ትጻፈው።

ካመመሽ ሥራውን ተዪው። ባዶ እጄን እንዴት እመለሳለሁ አትበይ፤ እጅ ደህና ይሁን እንጂ ባዶነቱ አያሳፍርም። ለወንድምሽ በማግስቱ የሚረግፍ አበባ ይበቃዋል፣ ሲረግፍ ሌላ እቆርጥለታለሁ። አንቺ ግን ቆዪልኝ።

አባትሽ «ጓንት ታድርግ በያት» ብሎ ሰላም ብሎሻል፤ እሱም እንደ እኔ ፈርቷል ማለት ነው። እህትሽ ጉንጭሽን ትስምሻለች። አክስትሽ ሙዟን ስለወቀስኩባት አኩርፋኛለች፣ ለአንቺ ግን ሰላምታዋ ብዙ ነው። አብራሽ ለምትኖረው ልጅም የእናት ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን